የማያልቀው ቤት

በ2069 ዓ.ም. ዝጉ የገባው ጥር አሥራ ሁለት ቀን ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ስለ ዝግ ወቅት የሚያወራው ድሮ ስለ ክረምት ይወራ እንደነበረው ነው፤ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገባ፣ አምና እስከ ግንቦት ዘለቀ፣ ካቻምና ከፋ ይባላል። በሽታውም ቋሚ ስም የለውም። በየዓመቱ መልኩን ስለሚቀይር «የዘንድሮው» ይሉታል፤ ዓመቱ ሲያልፍ ደግሞ በቁጥሩ ይጠሩታል። የስልሳ ሰባቱ ክፉ ነበር።

ሃሴት ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። የተወለደችው በመጀመሪያው ወረርሽኝ ዓመት ስለሆነ በሕይወቷ ስንት ዝግ እንዳየች ሲጠይቋት ዕድሜዋን ትነግራቸዋለች። ዘንድሮም እንደ ሁልጊዜው ሽሮውን፣ ዘይቱን፣ የባሏን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ደረደረች። ሁለት ሰዎች መጥተው የግቢውን በር በቀይ ማኅተም አሸጉ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከአምና ጀምሮ ይተዋወቃሉ።

ሥራዋን የምትሠራው ከቤት ነው። አድማጭ ነች። በየመንገዱ ምሰሶ ላይ ያሉት ጆሮዎች የሰውን ሳል ይለቅማሉ። አብዛኛው ላይ ራሳቸው ይፈርዳሉ፤ ያልቆረጠላቸውን እንደ ሃሴት ላለ ሰው ይልካሉ። የምትላከው ድምፅ ከአምስት ሰከንድ አትበልጥም። ሃሴት አዳምጣ ከሁለቱ አንዱን ትጫናለች፤ «ንጹሕ» ወይም «ይወሰድ»። በቀን ሦስት መቶ ሳል ታዳምጣለች። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አይነገራትም። የራሷ ከተማ ሳል እንደማይላክላት ብቻ ታውቃለች፤ ደንቡ ይከለክላል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እንዳስወሰደች አስልታ አታውቅም።

ባሏ ቃልአብ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር የነበረ ጡረተኛ ነው። በስልሳ ሰባቱ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሲስል ጆሮው ሰማው፤ በማግስቱ መጥተው ወሰዱት። የተወሰደ ሁሉ የሚገባበት ማቆያ ቆላ ነው። ሲሄድ የነበረበት ጉንፋን ነበር፤ የስልሳ ሰባቱ የያዘው እዚያው ነው። ከሃምሳ ቀን በኋላ ተመለሰ፤ ግን ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ሲመጣ መሐል ላይ ግድግዳ ተደግፎ የሚያርፍ ሰው ሆኖ ነበር። ስላየው ነገር አልተናገረም፤ ሃሴትም አልጠየቀችም። ሳሉ ስላልለቀቀው የሳል መታወቂያ ተሰጠው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደጅ ወጥቶ ወደ ምሰሶው ሦስት ጊዜ ይስላል፤ ጆሮው ያውቀውና የቀኑን ፈቃድ ያድስለታል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቢስል የሚጠይቀው የለም።

ከጎናቸው ያለው ግቢ የጋሽ ኢዮስያስ ነው። ጋሽ ኢዮስያስ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የድሮ የሒሳብ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አሮጌውን ቤት አፍርሰው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ጀመሩ፤ እስኪያልቅ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ዝጉ ሲገባ ሥራው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደርሶ ነበር። ሁሉ ነገር ሲዘጋ ግንባታ አይዘጋም። ሠራተኞቹ ከሳይቱ እስካልወጡ፣ ማንም እስካልገባባቸው ድረስ ሥራው ይቀጥላል፤ እዚያው ይተኛሉ፣ ምግባቸው በድሮን ይወርድላቸዋል። ቤቱ ያለቀ ዕለት ግን ፈቃዱም ያልቃል። የከተማው ነዋሪ ያልሆነ ሠራተኛ ያን ጊዜ ዝጉ እስኪነሳ ማቆያ ይገባል። ሃሴት ይህን ታውቅ ነበር። አስባበት ግን አታውቅም።

ሠራተኞቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም ከወላይታ የመጡ። ፎርማኑ አንጁሎ ይባላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰማው የተለመደው የግንባታ ድምፅ ነበር፤ ብረት መቁረጫው ያፏጫል፣ ብሎኬት ይራገፋል፣ ሚክሰሩ ይዞራል። የካቲት እንደገባ ነገሩ ቅጥ አጣ። ሁሉም ባንድ ጊዜ መዶሻ ያነሱና ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ግንብ ሳይመርጡ ይቀጠቅጣሉ። ሃያ ሰከንድ፣ ሠላሳ ሰከንድ። ከዚያ ዝም። ጥቂት ቆይተው እንደገና። ሌሊቱን ደግሞ የውሃ ፓምፑ ሲጮህ ያድራል። ሰኞ የተገነባው ግድግዳ ሐሙስ ይፈርሳል። ደረጃው ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለት ጊዜ ፈረሰ። አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ የቃልአብን ትራስ ያለብሰዋል።

ጎረቤቱ በስልክ ሽማግሌውን ያማ ጀመር። ጃጅተዋል ተባለ፤ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ልባቸው ከራሳቸው ጋር አይደለም ተባለ። አንዷ ጎረቤት፣ ሰውየው የሚሠሩት ቤት ሳይሆን ሐዘናቸውን ነው ብላ ለሃሴት ነገረቻት። ሃሴት ግን ለሐዘን የሚሆን አንጀት አልቀራትም ነበር። ቃልአብ እንቅልፍ ካጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ጀርባውን ከግድግዳው አስደግፎ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ሲከደን መዶሻው ይነሳል፤ ደንግጦ ይነቃል፤ ሲነቃ ይስላል።

አንድ ቀን ደወለችላቸው። ሥራዋን፣ የባሏን ደረት፣ አቧራውን አስረዳቻቸው። ጋሽ ኢዮስያስ እስክትጨርስ ጠበቋት። «ልክ ነሽ ልጄ» አሏት። «ይቅርታሽን እለምናለሁ። ግን አላቆምም።» ለምን እንደማያቆሙ ብትጠይቃቸው ቃልአብ እንዴት እንዳደረ ጠየቋት። ስልኩን ዘጋችባቸው። እንዲህ ስታደርግባቸው በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በልጅነቷ ሒሳብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

በዚያው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቷ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። አራት ስህተት ተገኝቶባታል። አንድ የታመመን ሰው «ንጹሕ» ብላለች። ሦስት ጤነኞችን ደግሞ «ይወሰድ» ብላለች፤ ስህተቱ የታወቀው ሰዎቹ ከተወሰዱ በኋላ ነው። አንድ ስህተት ቢደገም ከሥራ ትታገዳለች። ሃሴት ስለ እገዳው ያለውን አንብባ አለፈችው። ስለ ሦስቱ ያለውን ግን መልሳ መልሳ አነበበች። መወሰዳቸው እንጂ ይመለሱ አይመለሱ አልተጻፈም። ተነሥታ ቃልአብን አየችው፤ አፉን ከፍቶ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ተመለሰችና በጋሽ ኢዮስያስ ግንባታ ላይ የድምፅ አቤቱታ አስገባች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። የሁለቱን ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነው። አንሶላውን እየዘረጋች ሳለ መዶሻዎቹ ተነሡ፤ ጠበቀች፤ አቆሙ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ተነሡ። በዚህኛው ጊዜ ግን ትንሽ ዘገዩ። በዘገዩባት በዚያች ቅጽበት ከሁለተኛው ፎቅ አንድ ሳል ሰማች። ሁለት ደረቅ፣ አንድ እርጥብ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ። ከዚያ መዶሻዎቹ ዋጡት።

አንሶላውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ያንን ሳል በዚህ ዓመት ከሺህ ጊዜ በላይ ሰምታዋለች። የዘንድሮው ነው። ሌላም ነገር ገባት። ይህ ሁሉ ጊዜ የሚቀጠቅጡት ለሥራው አልነበረም። ሰውየው ሳል ሲመጣበት ምልክት ይሰጣቸዋል፤ እነሱም የምሰሶው ጆሮ እንዳይሰማው መዶሻ ያነሣሉ። የሚቀጠቀጥ ነገር ሲያልቅባቸው የሠሩትን ያፈርሳሉ። ሌሊት ፓምፑን የሚያስጮኹትም ለዚሁ ነው።

ሚስማር የለቀቀ አንድ ቆርቆሮ ነበር። ሃሴት ገለጥ አደረገችውና ጋሽ ኢዮስያስን ጠራቻቸው። መጡ። ከአጥሩ ሁለት ክንድ ርቀው ቆሙ። ከስተዋል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ጠበቁ፤ መዶሻው ሲነሳ ብቻ ተናገሩ፤ ሲያቆም እሳቸውም አቆሙ። ንግግራቸው ሁሉ እንዲሁ እየተቆራረጠ ነው ያለቀው።

መቼ እንደጀመረው ጠየቀቻቸው። ስሙ ዳልጋ ነው አሏት፤ የልስን ባለሙያ፣ ሃምሳ ያለፈው፣ የአራት ልጆች አባት። ሦስት ሳምንቱ ነው። የሚያስታምመው አንጁሎ ብቻ ነው። መጀመሪያ ለሳምንት ያህል አተኩሶት ነበር፤ አሁን ትኩሳቱ ለቆታል፤ ሳሉ ነው የቀረው። ሌሎቹን እስካሁን አልያዛቸውም። ሥራው ደግሞ ባይፈርስ ኖሮ እስካሁን ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ካለቀ ግን ዘጠኙም ማቆያ ይገባሉ።

መዶሻው አቆመ። ጠበቁ። እንደገና ሲነሳ ሃሴት፣ ለምን በስልክ እንዳልነገሯት ጠየቀች። ጥያቄውን ሳትጨርሰው መልሱ ገባት፤ ስልክን የሚያዳምጥ አለ።

«አንቺ ደግሞ አድማጭ ነሽ» አሏት። «ብነግርሽ ወይ እነሱን፣ ወይ እንጀራሽን እንድትመርጪ ማድረጌ ነው። እንደ ክፉ ሽማግሌ ብትቆጥሪኝ ይሻላል ብዬ ነው።»

«አሁንስ?» አለቻቸው።

«አሁንማ ሰማሽው።»

ሃሴት ሕጉን ታውቃለች። አድማጭ በሥራ ላይም ሆነ ከሥራ ውጭ የሰማችውን ሳል ማስታወቅ አለባት። ያንን አላነሣችም። ሰውየውን ከሌሎቹ እንዲለዩት፣ በእነ ሃሴት ግቢ በኩል ወደሚያየው የሦስተኛ ፎቅ ክፍል እንዲያወጡት፣ ሁለት መስኮት ክፍት እንዲሆንለት፣ ከአንጁሎ ሌላ ማንም እንዳይገባበት ነገረቻቸው። ከዚያ ቆርቆሮውን መለሰችና ልብሷን አስጥታ ጨረሰች።

ቤት ገብታ ለቃልአብ ነገረችው። መናገር የጀመረችው ልታስጠነቅቀው ነበር፤ በሽታው ከአጥሩ ማዶ ነው፣ የእሱ ደረት ደግሞ ሌላ አይችልም። ቃልአብ ሰምቷት ሲያበቃ ስለ ማቆያው ነገራት። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር፤ የተናገረውም ጥቂት ነው። አዳራሹ ውስጥ አርባ ስድስት ሰው ነበር። ማታ ማታ ሁሉም ይስላል። ጠዋት ላይ ዝም ያለው አልጋ የሞተ ሰው አልጋ ነው። የተመለሱት አሥራ ሰባት ናቸው።

ከዚያ አየር ሰበሰበና ጠየቃት። «ያን ጊዜ የኔን ሳል ሰምታ የተጫነችው ሴት ምን ዓይነት ሰው ትመስልሻለች?»

«እንደኔ ዓይነት» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። የተቀየማት አይመስልም ነበር፤ ደክሞት ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት አቤቱታዋን ልትሰርዝ ሞከረች። ተቆጣጣሪ ስለተመደበለት ልኬት ሳይደረግ አይሰረዝም የሚል መልስ መጣላት። ልኬቱ ለሐሙስ አራት ሰዓት ነው። ከአጥሩ ሥር ሆና ለጋሽ ኢዮስያስ ነገረቻቸው፤ የከሰሰቻቸው እሷ መሆኗንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው፣ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እከስ ነበር አሏት። ይህ ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ከራሷ እስከ እግሯ በታሸገ ልብስ ውስጥ ያለች፣ ትሑት፣ እሷም እንቅልፍ ያጣች የምትመስል ሴት ነች። መለኪያዋን ግቢው መሐል ተከለች። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ፍጹም ጸጥታ ይሆናል አለች፤ ቀጥሎ አንድ ሰዓት ሥራ፤ የሁለቱ ልዩነት ይመዘገባል። ሃሴት የሥራው ሰዓት እንዲቀድም ብትለምናት ቅደም ተከተሉ እንደማይቀየር በትሕትና ነገረቻት። ከአጥሩ ማዶ ላሉት በድምፅ ማጉያ አሳወቀቻቸው። መዶሻ ተቀመጠ። ፓምፑ ጠፋ። ሰፈሩ ከየካቲት መግቢያ ወዲህ እንዲያ ዝም ብሎ አያውቅም።

ሃሴት በረንዳው ላይ ቆማ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መስኮት ታያለች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ምሰሶው ላይ ያለው ጆሮ የሚያመልጠው ነገር አልነበረም። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሰውየው አፉን በጨርቅ አፍኖ እንደሚታገል ታውቃለች፤ ያ ሳል ግን ታፍኖ የሚቀር አይደለም። አራት ደቂቃ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ቃልአብ ካፖርቱን ደርቦ፣ በርጩማ በእጁ ይዞ ወጣ። ማንንም ሳያይ ግቢውን አቋረጠ፤ መሐል ላይ የሚደገፈው ግድግዳ ስላልነበረ በርጩማውን አስቀምጦ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ አጥሩ ሥር፣ ልክ ከመስኮቱ በታች ሄዶ ተቀመጠ። ሳለ። የመጀመሪያው የእውነት ሳል ነበር። ሁለተኛውን እሱ ራሱ ነው ያመጣው።

ተቆጣጣሪዋ መለኪያዋን አየች፤ ቀጥሎ መታወቂያውን ጠየቀች። ሃሴት አሳየቻት። የተመዘገበ ሳል ስለሆነ ከልኬቱ ይቀነሳል አለች፤ ለእሱ ግን ብርድ ነው፣ ቢገባ ይሻላል።

«ውስጥ አየር ያጥረኛል» አላት ቃልአብ።

ፈቀደችለት። በሩ ጋ ባለው ድንጋይ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ሦስተኛው ጊዜ ቃልአብ ሲስል ከላይ ከመስኮቱ ሌላ ሳል ተከተለው፤ አብሮት ወጣ፤ ከእሱ ቀድሞ ቆመ። ማዶ ያለው ሰው ገብቶታል። ከዚያ በኋላ ዳልጋ ሳሉን እየያዘ ይጠብቃል፤ ቃልአብ ሲጀምር ይለቀዋል። አንዳንዴ መያዝ ሲያቅተው ከላይ ጉሮሮ መጥረግ የምትመስል ትንሽ ድምፅ ትሰማለች፤ ቃልአብ ያቺን ሲሰማ ቸኩሎ ይስላል። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም።

ሃያ ደቂቃ ላይ የቃልአብ ከንፈር መጥቆር ጀመረ። ሃሴት ውሃ ይዛለት ሄደች። ሊጠጣው አልቻለም። እንዲበቃው በዓይኗ ለመነችው፤ መዳፉን አንሥቶ ከለከላት። በዚያ ሰዓት ሃሴት የተሰማት ነገር ሁሉ ደግ ነገር አልነበረም። ስሙን እንጂ መልኩን የማታውቀው ሰው በባሏ ደረት እየሳለ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ቃልአብ ወደ አልጋው ይመለሳል። ይህን አሰበችው፤ አንድ ጊዜ ብቻም አልነበረም ያሰበችው። ግን ውሃውን ይዛ አጠገቡ ቁጢጥ አለች፤ ጀርባውን ደግፋ ያዘችው። አጥንቱ በካፖርቱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል።

ሰዓቱ ሞላ። ተቆጣጣሪዋ ሥራ ይቀጥል ስትል መዶሻዎቹ ተነሡ። ሃሴት ቃልአብን ብብቱ ሥር ይዛ ወደ ቤት ስታስገባው ክብደቱን ሁሉ ጥሎባት ነበር፤ ቀላል ነበር።

ሁለተኛው ሰዓት ሲያልቅ ተቆጣጣሪዋ ልዩነቱ ከሚፈቀደው በላይ መሆኑን ነገረቻት። አሁን የቀረው የአቤት ባይዋ ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ ድምፁ ጉዳት እያደረሰባት መሆኑን ከፈረመች ግንባታው በዕለቱ ይዘጋል፤ ሠራተኞቹ ማቆያ ይገባሉ። ሃሴት ድምፁ ምንም እንዳላስቸገራት ጻፈች። ተቆጣጣሪዋ ጽሑፉን አየች፤ ተከፍቶ የሚታየውን የመኝታ ቤት በር አየች፤ ከውስጥ የሚሰማውን ትንፋሽ የሰማች ይመስላል።

«ያላረጋገጡት አቤቱታ ስለሆነ» አለቻት፣ «ለሁለት ዓመት በምንም ጉዳይ አቤት ማለት አይችሉም።»

ሃሴት ገባኝ አለቻት። ተቆጣጣሪዋ መለኪያዋን ነቅላ ሄደች።

በማግስቱ በቃልአብ ስልክ አጭር መልእክት ደረሰ። የሐሙስ ዕለት ድምፅ ለጆሮው ስላልቆረጠለት ለአድማጭ ተልኳል፤ ውሳኔው በሦስት ቀን ውስጥ ይገለጻል። ሃሴት መልእክቱን አንብባ ቁጭ አለች። መሣሪያውን ማታለል ይቻላል። አድማጭን ግን፣ ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራችን አድማጭ፣ አይቻልም። በዚያ ድምፅ ውስጥ ሁለት ደረት እንዳለ የማይሰማ ጆሮ የለም። እሷ ራሷ በሁለት ሰከንድ ትለየው ነበር።

ሦስቱን ቀን ቃልአብ አልተነሣም። ትኩስ ነገር በማንኪያ ትሰጠዋለች። ለመወሰድ የሚያስፈልገውን ትንሽ ቦርሳ አዘጋጅታ አልጋው ሥር አስቀመጠች፤ ካልሲ፣ መድኃኒት፣ ሳሙና። እንዳያየው ብትሸፍነውም አይቶት ነበር፤ ሌላ ካልሲ እንድትጨምርበት ነገራት፤ እዚያ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው አላት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ። «ንጹሕ። ባለ መታወቂያ።»

ሃሴት ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሆነ ከተማ ውስጥ፣ የሆነ ቤት ውስጥ፣ የማታውቃት አንዲት አድማጭ የሁለት ሰው ሳል ሰምታ እንደ አንድ ሰው መዝግባዋለች። ምናልባት ደክሟት ይሆናል። ምናልባት ከጎኗ ግንባታ አለ። ምናልባት ግን በደንብ ሰምታዋለች። የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ አንድ ሰው አመሰግናለሁ ልበል ቢል የሚልክበት አድራሻ የለም። ሃሴት ቦርሳውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ካልሲዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች። ከዚያ ለብቻዋ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ሥራዋን እንደ ቀድሞው ሠራች ለማለት ያስቸግራል። ከሳሎቹ ጀርባ ያለውን ድምፅ መስማት ጀመረች። አንዳንዱ ሳል ጀርባ ውሃ ይፈስሳል። አንዳንዱ ጀርባ ሬዲዮ ከመጠን በላይ ተከፍቷል፤ የሕፃን ለቅሶ አለ፤ የሚወቀጥ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ድሮም ነበር፤ ለሥራዋ ስለማያስፈልጋት አትሰማውም ነበር እንጂ። አሁን እያንዳንዱ ጋ ትዘገያለች። አንዳንዱን እንደ ሕጉ ትጫናለች፤ አንዳንዱን እያወቀች «ንጹሕ» ትለዋለች። ትክክሉን አውቄያለሁ ብላ ለራሷ ነግራ አታውቅም። የታመመን ሰው ቤቱ መተው ሌላ ሰው መግደል ሊሆን ይችላል፤ ይህንን አትረሳውም፤ እንቅልፍ የሚነሳትም እሱ ነው፤ ፓምፑ ከቆመ በኋላ እንኳ።

ፓምፑ የቆመው መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው። መዶሻዎቹም ቀስ በቀስ እየተራራቁ ሄዱ፤ ከዚያ ብረት መቁረጫውና ሚክሰሩ ብቻ ቀሩ። ጋሽ ኢዮስያስ በቆርቆሮው ክፍተት፣ ሰውየው መብላት መጀመሩን ነገሯት። ግድግዳዎቹ ግን መፍረሳቸውን አልተዉም፤ ዝጉ እስኪነሳ ቤቱ ማለቅ የለበትም።

ዝጉ የተነሣው ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን ነው። ቀዩ ማኅተም ተነሣ። ሠራተኞቹን ወደ አገራቸው የሚወስደው አውቶቡስ ረፋድ ላይ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አንጁሎ ለመሰናበት መጣ፤ ሃሴትን «እትዬ» ብሎ ጎንበስ አለ። ከኋላው አንድ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ የነበረው የሚመስል፣ አሁን ሸሚዙ የተንጠለጠለበት ሰው ቆሟል። ዳልጋ ነው። ቃልአብ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ነበር። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ከክፍል ክፍል ለመሄድ የሃሴት ትከሻ ያስፈልገዋል፤ ሐኪሙም በስልክ፣ የሄደው አቅሙ እንደማይመለስ ነግሯቸዋል።

ዳልጋ ገብቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ዳልጋ ዓይኑን ከቃልአብ ላይ ሲያነሣ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ አየ። የዝጉ ወራት መዶሻ ከጣሪያው ሥር እስከ መስኮቱ ጥግ ሰንጥቆታል፤ ልስኑ በሦስት ቦታ ረግፏል። ቀረብ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ወጣ።

ሲመለስ በባልዲ የተቦካ ሲሚንቶና የልስን ማንኪያ ይዞ ነበር። አንጁሎ አውቶቡሱ እንደሚሄድ ነገረው፤ ይጠብቀኝ አለ። ሃሴት የቃልአብን ወንበር ወደ መሐል ሳበችለት። ዳልጋ የላላውን ፋቀ፤ ስንጥቁን በውሃ አራሰ፤ መለሰን ጀመረ። ቃልአብ ያየው ነበር። አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ፤ ቆይቶ ደግሞ ነፋ። የሾፌር ነገር ስለሆነ ቃልአብ ፈገግ አለ፤ ሦስተኛውን ሳይነፋ አይሄድም፣ አትቸኩል አለው።

ዳልጋ የመጨረሻውን ጠርዝ አለስልሶ ወደ ኋላ ቆመ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ሦስት ቀን እጅ እንዳይነካው፣ ወንድሜ» አለ። «ሲደርቅ ይነጣል።»

«እንጠብቀዋለን» አለው ቃልአብ።

ዳልጋ ጎንበስ ብሎ የቃልአብን ጉልበት ነካ፤ ባልዲውን አንሥቶ ወጣ። አውቶቡሱ ሦስተኛውን ጡሩምባ ነፍቶ ሲሄድ ሰሙት። ሃሴት የሥራ ሰዓቷ አልፎ ነበር፤ ማዳመጫዋ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃታል። ወንበር ስባ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። እርጥቡ ልስን ከዳር ከዳር መንጣት ጀምሮ ነበር፤ ሁለቱም ያዩት ጀመር።